«እኔስ በምን እግሬ?»

ዱሼን የተባለው የጡንቻ በሽታ ላለባቸው ልጆች በደብረ ማርቆስ የእግር ጉዞ ልናዘጋጅ መወሰናችንን ለእህቴ ልጅ የነገርኩት እኔ ራሴ ነበርኩ፤ ደስ የሚለው መስሎኝ ነበር። ያን ጊዜ 13 ዓመቱ ሲሆን መራመድ ካቆመ ሁለት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ወራት ቀርተውታል። የሒሳብ ደብተሩን ጭኑ ላይ እንደ ዘረጋ ቀና ብሎ አየኝና «ጋሼ፣ እኔስ በምን እግሬ ነው የምሄደው?» አለኝ። በድምፁ ቅሬታ አልነበረበትም፤ የከበደውን የሒሳብ ጥያቄ ሲያሳየኝ በሚኖረው ትዕግሥት መልሴን ይጠብቅ ነበር። እኛ አምስት የኮሚቴ አባላት በሦስት ስብሰባ ስለ ካናቴራው ቀለም፣ ስለ ድምፅ ማጉያው ኪራይና ስለ 5 ኪሎ ሜትሩ መንገድ ስንነጋገር ሰንብተናል። ይህን ጥያቄ ግን አንዳችንም አላነሣነውም።

ጉዞው ከተካሄደ በኋላ አንድ ሰው ከቡሬ፣ አንዲት ሴት ደግሞ ከፍኖተ ሰላም ደውለው እንዴት እንዳዘጋጀነው ጠይቀውኛል። ለሁለቱም በስልክ የነገርኳቸውን፣ በስልክ ለመናገር ያፈርኩበትንም ጨምሬ፣ እዚህ ላስቀምጠው።

በሽታውን ለማያውቅ አንባቢ ከባቱ ልጀምር። የእህቴ ልጅ አራት ዓመት ሲሆነው ባቱ ከእኩዮቹ ሁሉ የወፈረና የደነደነ ነበር። ጎረቤቱ «የአራሽ ባት ነው የያዘ» እያለ ያደንቀው ነበር፤ እናቴ ደግሞ የልጅ ልጇ ዓይን እንዳይገባው ሰው ሲመጣ እግሩን በነጠላዋ ትሸፍነው ነበር። ያ ባት ጥንካሬ ሳይሆን በሚሞተው ጡንቻ ፋንታ የሚገባ ስብና ጠባሳ መሆኑን ያወቅነው ዘግይተን ነው። ልጁ ከመሬት ሲነሣ መጀመሪያ በአራት እግሩ ይሆናል፣ ቀጥሎ መቀመጫውን ወደ ላይ ያነሣል፣ ከዚያም እጆቹን አንድ ጊዜ ጉልበቱ ላይ፣ አንድ ጊዜ ጭኑ ላይ እያስደገፈ በገዛ ገላው ላይ እንደ መሰላል ይወጣል። ሐኪሞች ይህን አነሣሥ ከ19ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ የሚያውቁት ሲሆን በእንግሊዛዊው ሐኪም በጎወርስ ስም ይጠሩታል። በእኛ ቤት ግን «እንደ ሽማግሌ ይነሣል» ተብሎ ይሳቅበት ነበር፤ እኔም ስቄአለሁ፤ ያውም የባዮሎጂ መምህር ሆኜ።

አንድ የግል ክሊኒክ የአጥንት መለስለስ ነው ብሎ ለስምንት ወር ካልሲየም አስዋጠው። በመካከሉ እህቴ ጠበል ወስዳው ሁለት ሱባዔ ይዛለች፤ በዚህ የሚፈርዳት ካለ እኔ አይደለሁም። በመጨረሻ ዓባይን ተሻግረን 300 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘን አዲስ አበባ የደረስን ጊዜ አንዲት ወጣት ሐኪም ባቱን ዳሰስ አድርጋ፣ መሬት ላይ አስቀምጣ «እስቲ ተነሣ» አለችው። ሲነሣ አየችና ዝም አለች። የደሙ ምርመራ ውጤት ሲመጣ፣ ከተጎዳ ጡንቻ ወደ ደም የሚፈስሰው ክሬአቲን ካይኔዝ የተባለው ንጥረ ነገር ከጤነኛ ልጅ በብዙ አሥር እጥፍ በልጦ ተገኘ። ያን ጊዜ ልጁ ሰባት ዓመቱ ነበር።

የበሽታው ሙሉ ስም ዱሼን የጡንቻ መሟሸሽ ነው፤ ስሙ የመጣው በ1860ዎቹ፣ በፈረንጆች አቆጣጠር፣ በሰፊው ከገለጸው ፈረንሳዊ ሐኪም ነው። ዲስትሮፊን የሚባል፣ የጡንቻን ሕዋስ ሽፋን ከውስጥ ደግፎ የሚይዝ ፕሮቲን አለ፤ ይህን ፕሮቲን የሚያሠራው ዘረ-መል ሲበላሽ ጡንቻው በተኮማተረና በተዘረጋ ቁጥር እየተሰነጠቀ ይሄዳል። ዘረ-መሉ በሰው ላይ ከሚታወቁት ረጃጅሞች አንዱ ሲሆን ከ2 ሚሊዮን የሚበልጡ ፊደላት አሉት፤ እንዲህ የረዘመ ጽሑፍ ሲገለበጥ ስሕተት ቢገባበት ሊያስገርም አይገባም። በሽታው የሚይዘው ከሞላ ጎደል ወንዶችን ብቻ ነው፤ ከ3,500 እስከ 5,000 ከሚወለዱ ወንዶች አንዱን ይይዛል ይባላል። ብዙዎቹ 12 ዓመት ገደማ ሲሆኑ መራመድ ያቆማሉ፤ ከዚያ በኋላ ክንድ፣ ከዚያም የመተንፈሻ ጡንቻና ልብ ተራቸውን ይጠብቃሉ። ፈውስ የለውም። ፕሬድኒሶሎን የተባለው፣ በእኛም ከተማ ፋርማሲ የሚገኘው ርካሽ ክኒን ግን ልጁ በእግሩ የሚቆይበትን ጊዜ በጥቂት ዓመታት ያራዝማል። የእህቴ ልጅ እስከ 11 ዓመቱ መራመድ የቻለው በዚሁ ክኒን ይመስለኛል። ይህን ሁሉ የምዘረዝረው አስቀድሞ የሚነግራት ሰው ብታገኝ ኖሮ እህቴ ሦስት ዓመት ባልባከነባት ስለምል ነው፤ ጉዞውን ያሰብነውም በዋናነት ለዚህ ነበር። ገንዘቡ ሁለተኛ ጉዳይ ነበር።

ኮሚቴው እኔ፣ እህቴ፣ የስፖርት መምህር የሆነ ባልደረባዬ፣ አንዲት የጤና መኮንንና የዕድራችን ሊቀመንበር ነበርን። የመጀመሪያው ክርክር የተነሣው ስለ አንድ ቃል ነው። በጉዞው ላይ የምንይዘው ጨርቅ ጽሑፍ ረቂቅ «ብርቅዬ በሽታ» ይል ነበር። ሊቀመንበሩ «ብርቅዬ የሚባለው ዋልያ ነው፤ በሽታ እንዴት ብርቅዬ ይሆናል?» ብለው አስቆሙን። ልክ ነበሩ። በአውሮፓ ከ2,000 ሰው ከአንድ በማይበልጠው ላይ የሚታይ በሽታ ለብቻው ስም ተሰጥቶት ይመደባል፤ በእኛ ቋንቋ ግን ለዚያ ምድብ የተመቸ ቃል ገና አልረጋም። የጤና መኮንኗ «እምብዛም የማይታይ በሽታ» እንበለው አለች። እህቴ እስከዚያ ድረስ አልተናገረችም ነበር። «የማይታየው በሽታው ነው ወይስ ልጆቹ?» ብላ ጠየቀች። በመጨረሻ ጨርቁ ላይ «ዱሼን የጡንቻ መሟሸሽ» ብቻ ተጻፈ፤ ማተሚያ ቤቱም «ጡንቻ»ን «ጡንጫ» አድርጎ አመጣውና እንደገና እስኪታተም አንድ ሳምንት ጠፋ።

ቀኑን መምረጥ ደግሞ ከጠበቅሁት በላይ አስደሰተኝ። የዱሼን የዓለም ቀን በፈረንጆች መስከረም 7 ነው፤ ዘረ-መሉ በ79 ቁርጥራጮች የተከፈለ ስለሆነ ሰባትን ከዘጠነኛው ወር ጋር አጋጥመው መረጡት። በእኛ አቆጣጠር ጳጉሜን 2 ላይ ይውላል፤ የሩፋኤል ዋዜማ መሆኑ ነው። በማግሥቱ ልጆች ዝናብ ውስጥ ራቁታቸውን እየሮጡ «ሩፋኤል አሳድገኝ» ይላሉ። የእህቴ ልጅም በስድስት ዓመቱ እየሮጠ ሲል ጓሮው ጭቃ ላይ ወድቆ መነሣት አቅቶት፣ ሌሎቹ ልጆች በዙሪያው እየዘለሉ ዝናቡ ፊቱን ሲመታው አስታውሳለሁ። እህቴ ያን ቀን አልፈልገውም አለች። በዚያ ላይ በጎጃም ጳጉሜን ጭቃ ነው፤ ተሽከርካሪ ወንበር አይሄድበትም።

እምብዛም የማይከሰቱ በሽታዎች ሁሉ የሚታሰቡበት ሌላ ቀን አለ። እ.ኤ.አ. በ2008 ሲጀመር የካቲት 29 ላይ ነበር፤ በአራት ዓመት አንዴ ብቻ የሚመጣ ቀን ስለሆነ ለእንደዚህ ያለ በሽታ ይስማማል ብለው ነው። በሌሎቹ ዓመታት ወደ 28 ይዞራል። እኔ ወደ እኛ ቀን ስመልሰው ግን ጨርሶ የማይዋልል ሆኖ አገኘሁት፤ የእኛ ትርፍ ቀን ጳጉሜን 6 ሆና ከፈረንጆቹ አስቀድማ ስለምትገባ፣ እነርሱ 29 ሲሉም ሆነ 28 ሲሉ እኛ ዘንድ የካቲት 21 ነው። ይህን ለሊቀመንበሩ ብነግራቸው «የእመቤታችን ቀን አይደለምን!» ብለው ከተቀመጡበት ተነሡ። እንግዲህ ጉዞው ከየካቲት 21 ቀጥሎ በሚመጣው እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ ከማርቆስ ቤተ ክርስቲያን በር እንዲነሣ ተወሰነ። ሕዝቡ በአንድ ሰዓት በአንድ በር ስለሚወጣ የምንጠራው ሰው ፍለጋ አንደክምም የሚል ስሌትም ነበረው፤ ይህም የእርሳቸው ሐሳብ ነው።

የፈቃዱን ነገር በአጭሩ ልለፈው። ደብዳቤያችን ከቢሮ ወደ ቢሮ ሲመላለስ ሦስት ሳምንት የፈጀ ሲሆን በአንደኛው ቢሮ «ይህ ሰልፍ ነው ወይስ ስፖርት?» ተብለን ተጠይቀናል። የስፖርት መምህሩ ስፖርት ነው አለ፣ እኔ ሁለቱም አይደለም አልኩ፣ ጸሐፊዋም «ሌላ» በሚለው ሥር መዘገበችው። የተመዘገበ ማኅበር ስላልሆንን በመንገድ ላይ ሳጥን ይዘን ገንዘብ ከመሰብሰብ ተቆጠብን። ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ በ1994 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ካናቴራ ገዝቶ መሳተፍን የማያውቅ ከተሜ ስለሌለ ካናቴራ ሸጥን፤ ገንዘቡም በሦስት ሰው ፊርማ በሚወጣው የዕድሩ ሒሳብ ገባ። ለሚያስብ ሰው የምመክረው ይህን ነው፦ አዲስ ማኅበር ለማቋቋም ከመሮጥ በፊት ያለውን ዕድር ማናገር ይሻላል። ድንኳኑ አለው፣ ወንበሩ አለው፣ ከሁሉም በላይ ሕዝቡ ገንዘቡን አምኖ የሚሰጠው ለእርሱ ነው።

ወደ ልጁ ጥያቄ ልመለስ። በማግሥቱ ተሽከርካሪ ወንበሩን ተውሼ የታሰበውን መንገድ ልሞክረው ወጣሁ። ልጁን ማንገላታት ስላልፈለግሁ በክብደቱ ልክ 40 ኪሎ ጤፍ በጆንያ አድርጌ ወንበሩ ላይ አስቀመጥኩና በገመድ አሰርኩት። ከእንጨት ተራው በታች ያለው ኮብልስቶን ላይ ገና መቶ እርምጃ ሳልሄድ የፊተኞቹ ትንንሽ ጎማዎች በድንጋዮቹ መካከል እየገቡ ወንበሩን ወደ ፊት ይደፉት ጀመር። ወደ ኋላ አዙሬ በትልልቆቹ ጎማዎች ስጎትተው ተሻለ፤ ነገር ግን ልጅ በሰልፍ ፊት ጀርባውን ሰጥቶ እንዴት ይጎተታል? ክዳኑ የጠፋ የውኃ መውረጃ ቦይ ጋ ስደርስ ወንበሩን በሁለት እጄ ለማንሣት ስታገል ጆንያው ብረት ላይ ተቀደደ። ጤፉ ከእንጨት ተራው እስከ አስፋልቱ ድረስ ቀጭን ነጭ መስመር ሠርቶ ተንጠባጠበ። ድንች የሚሸጡ ሴቶች «መምህር፣ ጤፍ በወንበር ይዘራል እንዴ?» እያሉ ሳቁብኝ፤ አንደኛዋ ግን መጥታ የተቀደደውን በሻሿ ቋጠረችልኝና ወንበሩን ቦዩን አብራኝ አሻገረችው። ምን እንደምሠራ ስነግራት «የኔም የጎረቤት ልጅ እንደዚሁ ሆኗል» አለችኝ። ስለዚያ ልጅ በኋላ እመጣለሁ።

በዚያ ምሽት 5 ኪሎ ሜትሩ ቀርቶ 1.6 ኪሎ ሜትር ሆነ፤ ሁሉም አስፋልት፣ ዳገቱ አንድ ብቻ። የስፖርት መምህሩ «ይህ ምኑ ጉዞ ነው፤ ሰው ላብ እንኳ ሳይወጣው ያልቃል» ብሎ ተከራከረ። እንዲያውም ልክ የሆነው እርሱ የቀለለ ያለው ነው፤ በዚህ በሽታ የተያዘና ገና የሚራመድ ሕፃን ብዙ ሲደክም፣ በተለይም ቁልቁለት ሲወርድ፣ ጡንቻው ይበልጥ ይጎዳል። ስለዚህ ሦስት ባጃጆች ባዶ ሆነው ከኋላ እንዲከተሉ ለባለቤቶቹ ነገርን፤ ሦስቱም የነዳጅ እንኳ አንቀበልም አሉ። አንድ ደንብም ወጣ፦ የእህቴ ልጅ ወንበር ከፊት ይሄዳል፤ ማንም አይቀድመውም።

አሁን ወደ አፈርኩበት ልምጣ። በራሪ ወረቀቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሃያ ዓመት ያስተማርኩት ትምህርት ስለሆነ ለማንም አላሳየሁትም፤ 400 ቅጂ አሳትሜ አመጣሁ። ሁለተኛው አንቀጽ «በሽታው ከእናት ወደ ወንድ ልጅ ይተላለፋል» ብሎ ይጀምር ነበር። በመማሪያ መጽሐፍ ቢሆን ማንም አያርመውም። የተበላሸው ዘረ-መል ያለው ኤክስ በተባለው ክሮሞዞም ላይ ነው፤ ሴት ሁለት ስላላት አንዱ ቢጎድል ሌላው ይሸፍንላታል፤ ወንድ ግን አንድ ብቻ አለው፣ እርሱንም የሚያገኘው ከእናቱ ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የእህቴ ሴት ልጅ ወረቀቱን እያጠፈች፣ እናቴ ደግሞ ቡና እየቆላች ሳለ «እስቲ ምን እንደሚል አንብቢልኝ» አለቻት። ልጅቱ ከፍ ባለ ድምፅ አነበበች። ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ስትደርስ እናቴ ማማሰሏን አቆመች። ቡናው ጭሱ እስኪያስለን ድረስ ምጣዱን አላወረደችውም። ከዚያ ወደ እኔ ሳትዞር «ታዲያ ልጄን የገደልኩት እኔ ነኛ» አለች።

ታላቅ ወንድም ነበረኝ። ከደጃፉ ተቀምጦ ለቡሄ ከቃጫ ጅራፍ ሲገምድልን አስታውሰዋለሁ፤ እርሱ ራሱ ግን ቆሞ ማጮህ አይችልም ነበር። እናቴ በጀርባዋ አዝላ ያልወሰደችው ጠበል አልነበረም። በ17 ዓመቱ፣ በ1979 ዓ.ም.፣ በጉንፋን ሞተ ተባለ። በቤታችን «እግሩን የያዘው» እየተባለ ነው የሚነሣው፤ በሽታው ስም አልነበረውም። የእህቴ ልጅ ሲታወቅለት እኔ ነገሩን ወዲያው አገናኝቼ ነበር። ለእህቴም ለእናቴም ሳልናገር ዓመታት ካለፉ በኋላ በ400 ወረቀት አሳትሜ ነገርኳቸው።

ያን ዕለት ለእናቴ ያልኩትን ሁሉ አላስታውስም። ሁለት ኤክስ ነበሩሽ፤ አንዱ ለእርሱ ደረሰ፣ ሌላው ለእኔ፤ ከሁለቱ የትኛው ጎዶሎ እንደሆነ አንቺም አታውቂም፣ መርጠሽም አልሰጠሽንም አልኳት። በእጇ መዳፍ ላይ ሁለት የቡና ፍሬ አድርጌ፣ አንዱን ያረረውን አንዱን ያላረረውን፣ እያሳየሁ ነበር። ብዙ ጊዜ አየቻቸው። «ዕጣ ነው በለኛ» አለች በመጨረሻ። በክፍል ውስጥ ግማሽ በግማሽ ዕድል እያልኩ ሰሌዳ ላይ የማሰምረው ሣጥን ሁሉ ያን ያህል ግልጽ ሆኖልኝ አያውቅም፤ ጎዶሎውን ኤክስ ከያዘች፣ ተሸካሚ ከምትባል እናት የሚወለድ እያንዳንዱ ወንድ ልጅ በየራሱ ዕጣ ይወጣለታል፤ የፊተኛው ጎዶሎው ስለደረሰው ኋለኛው ያመልጣል ማለትም አይደለም።

እህቴ የተናገረችው ከዚህ የከረረ ነበር። «የእኔ ባል አንብቦ ዝም ይላል፤ የሌላዋ ባል ግን ይህን ወረቀት ይዞ ሽማግሌ ፊት ይቆማል» አለችኝ። ወረቀቱ ያላለው ነገር ደግሞ ነበር፦ በዱሼን ከተያዙት ልጆች ከሦስት አንድ ያህሉ ላይ ለውጡ በእናትየው ዘንድ ፈጽሞ ያልነበረ፣ በልጁ የጀመረ አዲስ ነው። ይህን እያወቅሁ ያልጻፍኩት ቦታ ስላልበቃኝ ነበር፤ ለስፖንሰሮች ምስጋና ግን ግማሽ ገጽ ትቼ ነበር። 400ውን ወረቀት እህቴ ለምድጃ ማቀጣጠያ ወሰደችው። አዲሱን እርሷ እየተናገረች እኔ ጻፍኩት፤ የሚጀምረውም «ልጅዎ ከመሬት ሲነሣ እጁን ጭኑ ላይ ያስደግፋልን?» ብሎ ነው። ስለ ዘር የሚናገረው ክፍል መጨረሻ ላይ ገብቶ ከላይ ያልኩትን አንድ ሦስተኛ ይዟል፤ ቀጥሎም እናቶችና እህቶች ራሳቸው ተሸካሚ ከሆኑ ልባቸውን መታየት እንደሚገባቸው ይናገራል። ይህን ኋለኛውን የጨመረችው የጤና መኮንኗ ስትሆን፣ እናቴም በሰባ አምስት ዓመቷ ለመጀመሪያ ጊዜ የልብ ምርመራ አድርጋለች።

ዕለቱ ጾም ስለነበር ከበሮም ዘፈንም አልነበረም፤ ድምፅ ማጉያውም የተናገረው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። ቅዳሴው እንዳለቀ ሕዝቡ ነጠላውን እንዳጣፋ ከበሩ ሲወጣ ካናቴራ ከለበሱት ተማሪዎች ጋር ተቀላቀለ። በግምት 300 ሰው ነበርን። ወንበሩ ከፊት፣ ጨርቁ ከኋላው፣ ሕዝቡ ከጨርቁ ኋላ። መጀመሪያ ላይ ወጣቶቹ ሳያስቡት እየፈጠኑ የወንበሩን ጎን ይይዙ ነበር፤ የስፖርት መምህሩ በፊሽካው ይመልሳቸዋል። ከ300 ሜትር በኋላ ፊሽካው አላስፈለገም። ያን ያህል ሰው በዚያ ዝግታ ሲሄድ ሰምቼ አላውቅም፤ የሚሰማው የጫማ መፋተግና የግራው ጎማ ጭርጭርታ ብቻ ነበር። የእህቴ ልጅ ጎማውን በገዛ እጁ ይገፋ ነበር፤ ዳገቱ ግማሽ ላይ ሲደርስ ክንዱ ተንቀጠቀጠ። ሁላችንም ቆምን። እኔ ልገፋው ስጠጋ ራሱን ነቅንቆ ከኋላ የሚመጣውን የክፍል ጓደኛውን በስሙ ጠርቶ «ና ግፋኝ» አለው። ጉዞው 52 ደቂቃ ፈጀ።

የሚመጣው የእህቴ ልጅ ብቻ ይሆናል ብዬ ነበር። ከአማኑኤል በኩል አንድ አባት የዘጠኝ ዓመት ልጁን አዝሎ መጣ፤ ወረቀቱን ያነበበለት የልጁ አስተማሪ ነው። ድንች ሻጯ የነገረችኝ የጎረቤቷ ልጅም በባጃጅ ተቀምጦ ከኋላ ተከተለን፤ ስድስት ዓመቱ ስለሆነ ወርዶ መሮጥ ፈልጎ አልቅሶ ነበር። አንዲት እናት ደግሞ ሁለት ወንድ ልጆቿን ይዛ ከአጥሩ ሥር ቆማ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ አድርጋ ስታየን ቆየች፤ ከሰልፉ አልገባችም፤ መጨረሻው ላይ ግን ድንኳኑ ውስጥ አገኘናት። አራቱንም ልጆች የጤና መኮንኗ አንድ በአንድ መሬት ላይ አስቀምጣ ሲነሡ አየች፤ የሦስቱ አነሣሥ እኔ የማውቀው ነው። የአማኑኤሉ ልጅ ከናካቴው አልተነሣም።

ገንዘቡ ወጪው ተቀንሶ 31,400 ብር ተረፈ፤ ዝርዝሩ በዕድሩ ሰሌዳ ላይ ተለጥፏል። የሁለቱ ወንድማማቾችና የስድስት ዓመቱ ልጅ የአዲስ አበባ መጓጓዣና ምርመራ፣ ሐኪም ላዘዘላቸው የፕሬድኒሶሎን መግዣ፣ ለአማኑኤሉ ልጅ ያገለገለ ተሽከርካሪ ወንበር ሆኗል። «ለምን መድኃኒቱን አትገዙም?» ብለው የጠየቁን ብዙ ነበሩ፤ እ.ኤ.አ. በ2023 አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው የዘረ-መል ሕክምና ለአንድ ልጅ 3.2 ሚሊዮን ዶላር እንደተተመነለት፣ እርሱም ቢሆን ፈውስ እንዳልሆነ ስንነግራቸው ዝም ይላሉ። ክኒኑን በተመለከተ ግን አንድ ነገር ደጋግመን ተናግረናል፦ የጀመረ ልጅ ገንዘብ አለቀ ተብሎ በድንገት ሊያቋርጠው አይገባም፤ አደጋ አለው። ስለዚህ ከግዢው በፊት ለአንድ ዓመት የሚበቃ መሆኑን ቆጥረናል።

ሌሊቱን ከዕድሩ አባላት አንዱ አርፈው ስለነበር ሊቀመንበሩ ድንኳኑን እስከ ስድስት ሰዓት ብቻ ነው የፈቀዱልን። ሰዓቱ ሲደርስ ልጆቹ ካስማውን እየነቀሉ ሸራውን ማውረድ ጀመሩ። እናቴ ከመጨረሻው አግዳሚ ወንበር ላይ ከዚያች ፊቷን በነጠላዋ ከሸፈነችው ሴት ጎን ተቀምጣ ነበር። ልጠራት ስጠጋ የወንድሜን ስም ስትጠራ ሰማሁ፤ «እግሩን የያዘው» አላለችም። «እሱም እንደ ትልቁ ልጅሽ ባቱ ወፍራም ነበር» ትላት ነበር። ሸራው ተነሥቶ ፀሐዩ በላያቸው ላይ ሲያርፍ ሁለቱም ቀና አላሉም። ሊቀመንበሩ ወንበሮቹን እያስቆጠሩ አይሱዙው ላይ አስጫኑና አንዷ ስትጎድል ወደዚያ ተመለከቱ። «ትቆይ፤ ኋላ በጋሪ ትመጣለች» አሉኝ።